ጥናታችሁ እስኪያልቅ አትጠብቁ፦ የመሬት ሳይንስ ኮንፈረንስ ለምታስቡ

ኮንፈረንስ ለመሄድ ጥናታችሁ እስኪያልቅ አትጠብቁ። የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎችን "ለምን አብስትራክት፣ ማለትም የጥናታችሁን አጭር መግለጫ፣ አላስገባችሁም?" ብዬ ስጠይቅ አብዛኞቹ "ውጤቴ ገና ነው፣ ሲያልቅ አቀርባለሁ" ይሉኛል። እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። ያለቀ ሥራ ይዞ የሄደ ሰው "ጎበዝ" ተብሎ ይመለሳል። ያላለቀ ሥራ ይዞ የሄደ ግን ጥያቄ ያገኛል፣ መላ ያገኛል፣ ከቀናው ደግሞ የጎደለውን ልኬት ሊሠራለት የሚችል ሰው ያገኛል። ጽሑፉ ታትሞ ከወጣ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ምን ያደርጋል? ከመታተሙ በፊት የመጣ ጥያቄ ግን ወርቅ ነው።

እኔ የምሠራው የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ነው። ውሃው ከየት መጣ፣ መሬት ውስጥ ስንት ዘመን ቆየ የሚለውን በአይሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር ክብደታቸው የሚለያይ አቶሞች) እንከታተላለን። እናንተ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የእሳተ ገሞራ ወይም የአየር ንብረት ሰው ከሆናችሁ ዝርዝሩ ይለያያል፤ የስብሰባው ባሕርይ ግን ያው ነው። ዓመቶቹንና ወሮቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌያለሁ፣ ምክንያቱም ማመልከቻው ሁሉ የሚሄደው በዚያ ነው።

መጀመሪያ የትኛው ስብሰባ ምን እንደሆነ ልናገር፣ ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ይምታታበታል። ትልልቆቹ ሁለት ናቸው። አንዱ በ1919 የተመሠረተው የአሜሪካ ጂኦፊዚካል ዩኒየን ነው፣ ሁሉም ሰው በአጭሩ ኤጂዩ ይለዋል። ዓመታዊ ስብሰባው በዲሴምበር ነው። ድሮ ሳንፍራንሲስኮ ነበር የሚደረገው፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ከተማ እየቀያየረ ነው፤ ኒው ኦርሊንስ፣ ዋሽንግተን፣ ቺካጎ ተደርጓል። ሌላው የአውሮፓ ጂኦሳይንስ ዩኒየን፣ ማለትም ኢጂዩ ነው። ይህ በ2002 ሁለት ማኅበራት ተዋህደው የመሠረቱት ሲሆን ጉባኤው ቪየና ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ በአፕሪል፣ አንዳንዴም ሜይ ገባ ሲል ይካሄዳል። በ2024 በአካል የመጣው ሰው ብቻ ከ18,000 በላይ ነበር።

ከነዚህ ሌላ በየአራት ዓመቱ የሚደረጉ አሉ። ዓለም አቀፉ የጂኦሎጂ ኮንግረስ በ1878 ፓሪስ ላይ የተጀመረ ነው፤ በ2016 ኬፕታውን ላይ፣ በ2024 ደግሞ ቡሳን ላይ ተደርጓል። የጂኦዴሲ (የምድርን ቅርጽና መጠን የመለካት ሳይንስ) እና የጂኦፊዚክስ ዓለም አቀፍ ኅብረትም አለ፣ በ2023 በርሊን ነበር፣ ቀጣዩ በ2027 ኢንቾን ነው። የጂኦኬሚስትሪ ሰዎች ደግሞ በየዓመቱ ጎልድሽሚት በሚባለው ጉባኤ ላይ ይገናኛሉ።

ትንንሾቹ ግን ሌላ ዓለም ናቸው። ለምሳሌ ጎርደን የሚባሉት ኮንፈረንሶች ላይ የሚገኘው ሰው ከሁለት መቶ ብዙም አያልፍም። እዚያ የቀረበን ነገር ያለ አቅራቢው ፈቃድ መጥቀስ አይቻልም፣ መቅረጽም ክልክል ነው። ስለዚህ ሰው ያልታተመ ሥራውን ዘርግፎ ያወራል። የመጀመሪያችሁ ከሆነና ምርጫው ካላችሁ፣ እኔ ትንሹን ነው የምመክረው። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ይተራመሳል፤ ማንንም ሳታውቁ ሳምንቱ ሊያልቅ ይችላል። ትንሹ ላይ ግን ከሁሉም ጋር አንድ ማዕድ ትቆርሳላችሁ። በሦስተኛው ቀን ጽሑፋቸውን ስታነብቡ የኖራችሁት ሰዎች በስማችሁ ይጠሯችኋል።

አሁን ወደ ጊዜው ልግባ፣ ብዙ ሰው የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ለዲሴምበሩ ኤጂዩ አብስትራክት የሚዘጋው በጁላይ መጨረሻ አካባቢ ነው። ለኢጂዩ ደግሞ በጃንዋሪ አጋማሽ አካባቢ። የጉዞ ድጋፍ ለማግኘት ግን ቀድሞ ማመልከት ያስፈልጋል። የኢጂዩ የሮላንድ ሽሊህ የጉዞ ድጋፍ ማመልከቻ የሚዘጋው በዲሴምበር መጀመሪያ ነው፣ አብስትራክቱም አብሮ መግባት አለበት። በጃንዋሪ ተነስቶ "ድጋፍ አለ ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልፎታል ማለት ነው። ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ ማስታወሻ ያዙ። አብስትራክት ለማስገባት የሚከፈለው ገንዘብ ደግሞ ባትሄዱም አይመለስም፣ ይህንንም ከወዲሁ እወቁት።

ቪዛ። ስለዚህ ትንሽ ልቆይ። የሸንገን ቪዛ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ማመልከት ይቻላል፤ ውሳኔው በመደበኛው በ15 ቀን ይሰጣል ቢባልም እስከ 45 ቀን ሊራዘም ይችላል። ይህ ማመልከቻው እጃቸው ከገባ በኋላ ያለው ነው። ቀጠሮ ለማግኘት የሚወስደው ጊዜ ለብቻው ነው፣ አንዳንድ ቦታ ከውሳኔው ጊዜ ይበልጣል። አንድ ዓመት ፓስፖርቴ ኤምባሲ ተቀምጦ ጉባኤው ተከፈተ፣ ቪዛው የደረሰኝ የእኔ ሴሽን፣ ማለትም ሥራዬ የተመደበበት የአንድ ርዕስ ክፍለ ጊዜ፣ ካለፈ በኋላ ነው። በጣም ነበር ያዘንኩት። ሥራው ግን ቀረበ፣ ምክንያቱም አብሮኝ ጸሐፊ የሆነ ባልደረባዬ እዚያው ነበርና ፋይሉን ልኬለት እሱ አቀረበው። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ የማደርገው ነገር አለ። ከተባባሪ ጸሐፊዎቹ መካከል ቪዛ የማያስፈልገው ወይም ቀድሞ ያገኘ ሰው ካለ "እኔ ካልደረስኩ አንተ ታቀርባለህ" ብዬ አስቀድሜ እነግረዋለሁ፣ ስላይዱንም ከሳምንት በፊት እልክለታለሁ።

የግብዣ ደብዳቤ አዘጋጆቹ ይሰጣሉ። አብስትራክታችሁ ተቀባይነት ባገኘበት ቀን ጠይቁ፣ አትዘግዩ። ደብዳቤው ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። ስትመዘገቡ ስማችሁን በለመዳችሁት አጻጻፍ አትሙሉት፣ ፓስፖርታችሁን ከፊታችሁ ዘርግታችሁ ከዚያ ገልብጡ።

አብስትራክቱ ራሱ አያስፈራችሁ። ኢጂዩ እስከ 500 ቃል፣ ኤጂዩ ደግሞ እስከ 2,000 ፊደል ይፈቅዳሉ። ያም ሆኖ አንድ ሰው በዋና ጸሐፊነት ማስገባት የሚችለው በመርህ ደረጃ አንድ ነው፣ ስለዚህ የት ሴሽን እንደምትከቱት አስቡበት። ርዕሱን ብቻ አይታችሁ አትምረጡ። አዘጋጆቹ እነማን እንደሆኑ፣ ባለፈው ዓመት እዚያ ምን እንደቀረበ እዩ። ጥርጣሬ ከገባችሁ ለአዘጋጁ አጭር ኢሜይል ጻፉ። ይመልሳሉ፤ ሴሽናቸው እንዲሞላ ይፈልጋሉና። ሌላው፣ "ውጤቱ በጉባኤው ላይ ይቀርባል" የሚል መጨረሻ አታስገቡ። እሱ ለአንባቢ ምንም አይነግረውም። ውጤቱ ካልደረሰ ጥያቄውን ጻፉት። "ይህን ለካን፣ ይህን አየን፣ ይህኛው ግን በሁለት መንገድ ሊተረጎም ይችላል፣ በዚህ ልኬት እየለየነው ነው" ማለት ሙሉ አብስትራክት ነው።

ቅጹ ላይ ንግግር ነው ወይስ ፖስተር የምትፈልጉት ብሎ ይጠይቃል። ሁሉም ንግግር ይላል። እኔ ለጀማሪ ፖስተር ነው የምለው፣ ከልቤ ነው። ኢጂዩ ላይ ንግግር ማለት ከነጥያቄው አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ተናግራችሁ፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ጠይቆ፣ አወያዩ "ጊዜ አልቋል" ብሎ ቀጣዩን ይጠራል። ፖስተር ላይ ግን ለሰዓት ያህልና ከዚያ በላይ ሥራችሁ አጠገብ ትቆማላችሁ። የሚመጣው ሰው ጥቂት ነው፣ ግን ጉዳዩ ስለሚመለከተው ነው የመጣው። ኢጂዩ ላይ ከ2013 ጀምሮ ፒኮ የሚባል ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ መጀመሪያ እያንዳንዱ አቅራቢ በሁለት ደቂቃ ሥራውን ያስተዋውቃል፣ ከዚያ ሁሉም በየራሱ የንክኪ ስክሪን አጠገብ ቆሞ ከጠያቂ ጋር ይወያያል። ከቀረበላችሁ ሳታመነቱ ተቀበሉ፣ የሁለቱን ጥቅም ያጣመረ ነው።

ፖስተር ስል ምን ማለቴ እንደሆነ አንድ ነገር ላሳያችሁ። እኔ ያመጣሁት ሥዕል የሁሉም ሰው ዓይነት ነበር፤ በአንድ በኩል ኦክስጅን 18፣ በሌላ በኩል ዲዩቴሪየም (ሁለቱም ውሃ ውስጥ ያሉ ከባድ አይሶቶፖች ናቸው)፣ መሐሉን የሚያቋርጥ ጂኦኬሚስቱ ሃርሞን ክሬግ በ1961 ያወጣው ዓለም አቀፍ የዝናብ ውሃ መስመር። አብዛኞቹ ጉድጓዶች መስመሩ ላይ ሰፍረዋል። ሁለቱ ብቻ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ርቀው ተቀምጠዋል፣ ዛሬ በአካባቢው ከሚዘንበው ዝናብ ይልቅ ከባድ አይሶቶፕ የሳሳባቸው ናቸው። እኛ ፖስተሩ ላይ ሁለት ምክንያት ጽፈናል። ወይ ውሃው ከከፍተኛ ተራራ ላይ የሰረገ ነው፣ ወይ ደግሞ የአየር ንብረቱ ቀዝቃዛ በነበረበት ዘመን የሰረገ አሮጌ ውሃ ነው። ከዚህ በላይ የምንለው አልነበረንም።

አንዲት ጠና ያለች ተመራማሪ መጣች። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ ሥዕሉን ብቻ ዝም ብላ አየች። ጽሑፉን አላነበበችም። ከዚያ ጣቷን ሁለቱ ነጥቦች ላይ አሳርፋ "ትሪቲየም ለክታችኋል?" አለችኝ። አልለካንም፣ ገንዘቡ አልነበረንም። እሷም ለምን እንደሚያስፈልግ እዚያው ቆማ አስረዳችኝ። ትሪቲየም ራዲዮአክቲቭ የሆነ የሃይድሮጅን አይሶቶፕ ነው፣ የግማሽ ዕድሜው 12.3 ዓመት ገደማ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተደረጉት የኑክሌር ሙከራዎች ከባቢ አየሩ ውስጥ ብዙ ጨምረውበታል። ስለዚህ ውሃው ውስጥ ትሪቲየም ካለ ከዚያ ወዲህ የገባ ውሃ አለበት ማለት ነው፤ የተራራው ምክንያት ያመዝናል። ፈጽሞ ከሌለ ደግሞ ከሙከራዎቹ በፊት የሰረገ አሮጌ ውሃ ነው። ይህን መጽሐፍ ላይ አውቀው ነበር። ያላወቅኩት እነዚያን ሁለት ናሙናዎች ብቻ ሊለካልን የሚችል ላብራቶሪ መኖሩን ነው። እሷ ግን ታውቅ ነበር። እዚያ ላብራቶሪ ያለውን ሰው ስም ለጎብኚ ባዘጋጀሁት ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፋ ሰጠችኝ፣ "እኔ ነኝ የላክኩህ በለው" አለችኝ። ናሙናዎቹ ተለኩ፣ ትሪቲየም አልነበራቸውም። የጥናቱ ዋና ምዕራፍ ከዚያ ሁለት ነጥብ ተነስቶ ተጻፈ። ሥራው አልቆ ቢሆን ኖሮ እሷ አይታው ታልፍ ነበር።

ስለዚህ ፖስተሩን ለጥያቄ አዘጋጁት። መሐል ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል፣ ከሁለት ሜትር ርቀት የሚታይ። ያልገባችሁን ነጥብ አትደብቁት፣ ክብ አድርጉበት። ጽሑፉን ቀንሱ፣ እንደገናም ቀንሱ። ልኩን ደግሞ ከማሳተማችሁ በፊት አረጋግጡ፣ ቦታ ከቦታ ይለያያል። የኢጂዩ ሰሌዳ 197 በ100 ሳንቲ ሜትር ነው፣ አግድም። ኤ ዜሮ ወረቀት ሽቅብ ከቆመ ቁመቱ 118.9 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ከሰሌዳው ወጥቶ ይንጠለጠላል፤ በየዓመቱ እንዲህ የሆነባቸው ሰዎች አያለሁ። ጨርቅ ላይ ማሳተም ከቻላችሁ ደግሞ ተገላገላችሁ፣ አጣጥፋችሁ ሻንጣ ውስጥ ትከቱታላችሁ። የወረቀቱን ቱቦ አውሮፕላን ላይ መያዝ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ንግግር ከደረሳችሁና አዳራሹ ባዶ ከሆነስ? አይክፋችሁ። በአፕሪል 1967 ዋሽንግተን ላይ በተደረገው የኤጂዩ ስብሰባ ጄሰን ሞርጋን የሚባል ወጣት ተመራማሪ ተራው ደርሶ ቆመ። ያስገባው አብስትራክት ስለ አንድ የውቅያኖስ ጉድባ ነበር። እሱ ግን ያን ትቶ አዲስ ሐሳብ አቀረበ፤ የምድር ቅርፊት በጥቂት ግትር ሰሌዳዎች የተከፋፈለ እንደሆነና እንቅስቃሴያቸውም በሉል ላይ በሚደረግ ዙረት ሊሰላ እንደሚችል። ዛሬ ፕሌት ቴክቶኒክስ የምንለው ነገር ነው። ያን ቀን ብዙም ሰው ልብ አላለውም። ጽሑፉ በ1968 ታትሞ ሲወጣ ነው ነገሩ የገባቸው። ከዚያ በፊትም ጀርመናዊው ሳይንቲስት አልፍሬድ ቬገነር የአህጉራትን መንሸራተት በጃንዋሪ 6 ቀን 1912 ፍራንክፈርት ላይ ለጂኦሎጂ ማኅበር ሲያቀርብ የተቀበለው ሰው ጥቂት ነው፤ በ1930 ግሪንላንድ ላይ ሲሞት ሐሳቡ ገና ተቀባይነት አላገኘም ነበር። የሰው ብዛት የሥራችሁ መለኪያ አይደለም። ከመጡት አራት ሰዎች አንዱ ትክክለኛው ሰው ከሆነ በቂ ነው።

ጥያቄ ሲመጣ እንግሊዝኛው ያስፈራል፣ አውቃለሁ። አጠራሩ ከየአገሩ ይለያያል፣ ተጠያቂው ደግሞ ይደነግጣል። ካልገባችሁ "እባክዎ ይድገሙልኝ" ማለት ነውር አይደለም። ከተደገመም በኋላ ካልገባችሁ የገባችሁን ያህል በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ "የጠየቁኝ ይህን ነው?" በሉ። መልሱን የማታውቁት ከሆነ "አላየነውም፣ ግን መታየት ያለበት ነው፣ በኋላ ላገኝዎት እችላለሁ?" ብላችሁ ስማቸውን ያዙ። ይህ አባባል ለእኔ ብዙ በር ከፍቶልኛል።

"ሐሳቤን ቢሰርቁኝስ?" የሚል ስጋትም አለ። ኢጂዩ ላይ የሚወጣ አብስትራክት ዲኦአይ የሚባል የራሱ ቋሚ መለያ ቁጥር ተሰጥቶት በይፋ ይታተማል። ቀኑና ስማችሁ እዚያ ላይ ናቸው። ከስርቆት ይልቅ ልትጠነቀቁበት የሚገባው የዳታው ባለቤትነት ነው። መረጃው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ከኩባንያ የተገኘ ከሆነ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። ተባባሪ ጸሐፊዎቹም ሁሉ አብስትራክቱን ከመግባቱ በፊት ያንብቡት። በዚህ ጉዳይ ብዙ ወዳጅነት ሲበላሽ አይቻለሁ።

እዚያ ስትደርሱ ሁሉንም ለመስማት አትሞክሩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ በደርዘን የሚቆጠር ሴሽን ጎን ለጎን ይካሄዳል። ከመሄዳችሁ በፊት ፕሮግራሙን ከፍታችሁ በቀን ሁለት ሦስት ነገር ብቻ ምልክት አድርጉ፣ የቀረውን ጊዜ ለፖስተር አዳራሹ ተዉት። ታዋቂውን ፕሮፌሰር ለማግኘት አትሯሯጡ፣ ዙሪያው ሁልጊዜ ሰው ነው። ናሙናውን በእጁ የሰበሰበው፣ መሣሪያው የት ላይ እንደሚያስቸግር የሚያውቀው ፖስተሩ አጠገብ የቆመው ተማሪ ነው። እሱን አነጋግሩት። የግድ ማግኘት የምትፈልጉት ሰው ካለ ከሁለት ሳምንት በፊት በሦስት መስመር ጻፉለት፤ ማን እንደሆናችሁ፣ የትኛውን ሥራውን እንዳነበባችሁ፣ ፖስተራችሁ በየትኛው ቀን የት እንደሚሰቀል። ረጅም ኢሜይል አይነበብም። ከመስካችሁ ውጭ የሆነ አንድ ሴሽንም ግቡ። እኔ የበረዶ ግግር ሰዎች ክፍለ ጊዜ ገብቼ የናሙና አያያዝ ዘዴ ተምሬ ወጥቻለሁ።

መሄድ ያልቻላችሁ በኢንተርኔት ተሳተፉ። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ኢጂዩ ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ሆኖ ነበር፣ አሁንም በርቀት የመሳተፍ መንገድ አለ። እውነቱን ለመናገር ከርቀት የሚቀርብ ፖስተር እንደ አካሉ አይሆንም፣ በአጋጣሚ አልፎ የሚያቆም ሰው የለም። ስለዚህ አጋጣሚውን ራሳችሁ ፍጠሩት፦ ሊያዩት ይገባል የምትሏቸውን አምስት ስድስት ሰዎች ለይታችሁ ሊንኩን ከአንድ ጥያቄ ጋር ላኩላቸው። "ሥራዬን እዩልኝ" አትበሉ። "ሦስተኛው ሥዕል ላይ ያለው መዛባት ከምን የመጣ ይመስልዎታል?" በሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ሰው መልስ ይሰጣል።

ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ቀናት እጽፋለሁ ብላችሁ ቃል ለሰጣችኋቸው ሁሉ ጻፉ። ማታ ማታ ሆቴል ገብታችሁ ማን ምን እንዳለ ማስታወሻ ካልያዛችሁ ሳምንቱ ሲያልቅ ሁሉም ይደባለቅባችኋል። ኢሜይሉ ላይ ያወራችሁበትን ሥዕል አያይዙ፣ ስማችሁን ቢረሱም ሥዕሉን ያስታውሳሉ።

ሁለት ሦስት ጊዜ ከሄዳችሁ በኋላ ደግሞ ራሳችሁ ሴሽን ለማዘጋጀት ጠይቁ። ኢጂዩ ለቀጣዩ ዓመት የሴሽን ሐሳብ የሚቀበለው በፈረንጆቹ በጋ (በእኛ ክረምት) ወራት ነው፣ ኤጂዩም በፈረንጆቹ ጸደይ (በእኛ በልግ)። ሐሳቡን የሚያቀርቡት ቡድኖች ከተለያየ አገርና ከተለያየ የልምድ ደረጃ ሰው እንዲይዙ ይበረታታሉ፣ ስለዚህ ጀማሪ ተባባሪ አዘጋጅ ይፈለጋል። ባለፈው ዓመት አብስትራክታችሁን የተቀበለላችሁን አዘጋጅ "ዘንድሮ ላግዝ?" ብላችሁ ጻፉለት። አብስትራክት ማንበብና ንግግር ወይስ ፖስተር ብሎ መደልደል፣ መድረክ ላይ ሰዓት መያዝ፣ ጥያቄ ሲጠፋ የመጀመሪያውን ጥያቄ መጠየቅ ነው ሥራው።